ሶሌታችንን ያስፈሰሰችው ሴት ተገኘች

አላፈሰሰም! ትናንት ከሰዓት ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ ሁሉ በረዶ ወርዶ... ሳሎኔ ውስጥ አንዲት ጠብታ የለም! ዝም ብዬም አላመንኩም፤ ወንበር ላይ ቆሜ ጣሪያውን በእጄ ዳበስኩት። ደረቅ!

እሺ፣ አሁን እንዴት ናችሁ? ሰላም ናችሁ ወይ? ደስታው ሰላምታ አስረሳኝ እኮ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የምኖረው እዚሁ ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። የኛ ብሎክ ጣሪያ ቆርቆሮ ሳይሆን ዝርግ የኮንክሪት ሶሌታ ነው። ልብስ እናሰጣበታለን፣ እህል እናሰጣበታለን፣ ምንጣፍ እናጥብበታለን... ሁለት ክረምት ሙሉ ታዲያ የሰማዩ ውሃ ቀጥ ብሎ ሳሎኔ መሀል ነበር የሚወርደው። ሳፋ፣ ባልዲ፣ የወጥ ድስት ሳይቀር ደርድሬበታለሁ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን የማርያም ማኅበራችን ነው። አምና ተራዬ ሲደርስ በሚያፈስ ቤት ሰው አልጠራም ብዬ ለሌላ አሳለፍኩት። ዘንድሮ ጽዋውን ተቀብዬ ቤቴ አስገብቻለሁ፤ ድግሱ የሚውለው ደግሞ ክረምት መሀል! አሁንም ባሳልፍ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ? ጽዋ ሁለቴ ያሳለፈች ሴት ስባል ልኑር?

ጥፋተኛዋን አውቃታለሁ ብዬ ነበር። ፊት ለፊቴ የምትኖረው ዘሃራ። የወሎ ልጅ ናት፣ ጽዳቷ ለጉድ ነው፤ በየሳምንቱ ምንጣፏን ሶሌታው ላይ ታጥብ ነበር። ቤቴ ማፍሰስ እንደጀመረ ደረጃ ላይ ያዝኳትና «ዘሃራ፣ ያንቺ ምንጣፍ ነው ቤቴን ሐይቅ ያደረገው!» አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንጣፏን ታች ግቢ ወርዳ ታጥባለች፤ እኔንም «እንደምን አደርሽ» ብላ ብቻ ታልፈኛለች።

እሷ ሶሌታውን ተወችው፣ ሶሌታው ግን ማፍሰሱን አልተወም። ይሄ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር... አላነቃኝም።

ሁለት ጊዜ ሰው አምጥቼ ሬንጅ አስቀባሁ። ቀብተው ወረዱ፤ ዝናቡም ተከትሏቸው ወረደ።

ባለፈው ሳምንት ከተክለ ሃይማኖት በኩል ጋሽ ደቻሳ የሚባሉ አዛውንት ግንበኛ አገኘሁ። ይዘውት የመጡት አንድ መሮ፣ አንድ መዶሻና አንድ ፌስታል ሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራ! እንጨት ሲሰነጠቅ የሚወድቀው ብናኝ!

«ጋሽ ደቻሳ፣ በዚህ ነው ጣሪያ የሚጠግኑት?»

«ጣሪያ ከመጠገኑ በፊት ይጠየቃል ልጄ። ውሃ አምጪ።»

ሶሌታው ላይ ሦስት ባልዲ አፈሰስኩላቸው። ሰጋቱራውን ውሃው ላይ በተኑና ቁጢጥ ብለው ማየት ጀመሩ። ሰጋቱራው ቀስ እያለ፣ እየተንሳፈፈ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ሄደ... እዚያ ደርሶም ይሽከረከር ጀመር።

«ውሃው መንገዱን ያውቃል፤ በሩን ነው የዘጋችሁበት» አሉኝ።

ይሄኔ ዘሃራ የተሰጣ ልብሷን ልታነሳ ብቅ አለች። የኔ አፍ መቼ ያርፋል፣ እንድትሰማ ጮክ ብዬ «ይኸው! የውሃ መውረጃውን የምንጣፍ ክር ነው የደፈነው!» አልኩ።

ጋሽ ደቻሳ ጥጉ ላይ ያለውን ሬንጅ በመሮ ይፈለፍሉ ገቡ። ከሬንጁ ሥር ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ጨርቅ። ጎተቱት... አልመጣም። በሁለት እጃቸው ሲስቡት ተመዞ ወጣ፤ ውሃውም «ጓ ጓ ጓ» እያለ በቧንቧው ወረደ።

ጨርቁን አለቅልቀው ዘረጉት። ብርቱካንማ አበባ ያለበት የቀሚስ ቁራጭ።

ክው አልኩ። ያ ቀሚስ የኔ ነው!

ትዝ አለኝ... ካቻምና ለልጄ ምርቃት፣ የድፎ ዳቦ ስንዴ አጥቤ እዚሁ አስጥቼ ነበር። ፍሬው እየተንከባለለ በውሃ መውረጃው ሲገባብኝ ጊዜ አሮጌ ቀሚሴን ቀድጄ ጥቅጥቅ አድርጌ ወተፍኩት። ስንዴው ተፈጨ፣ ዳቦው ተበላ፣ ልጅቷም ሥራ ያዘች... ውታፉ እዚያው ቀረ። ሬንጅ ቀቢዎቹም ከነውታፉ ለቀለቁልኝ!

አልዋሻችሁም፣ ዝም ብዬ ልውጠው አስቤ ነበር። ግን ዘሃራ ጠጋ ብላ ጨርቁን አየችው። ያን ቀሚስ ስንት ቀን ለብሼው አይታኛለች!

«ጥሩዬ» አለችኝ፤ በስሜ ከጠራችኝ ስንት ጊዜዋ! «እኔ ምንጣፍ አጠብኩ እንጂ ቀሚስ አልቀበርኩም።»

ጋሽ ደቻሳ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አልቻሉም። እኔ ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ተይ፣ ተይ! ጎረቤት አይደለን እንዴ?»

«ሁለት ክረምት ሙሉ በሐሰት ስከስሽ ኖሬ!»

«እኔም ሁለት ክረምት ሙሉ እርጥብ ምንጣፍ ተሸክሜ ያን ሁሉ ደረጃ ስወጣ ኖርኩ። አሁን ተረኛዋ ሸካሚ አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ ዕለት ተሸክሜ ወጣሁላችሁ! ወገቤ እስካሁን ይናገራል።

ጋሽ ደቻሳ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ሳሎኔ ይሰርግበት የነበረውን ስንጥቅ በሲሚንቶ ደፈኑ፣ ቀዳዳው ላይ ወንፊት ሽቦ ገጠሙ፣ «ከእንግዲህ ስንዴ ስታሰጪ ሸራ አንጥፊ» ብለውኝ ሄዱ።

ትናንት ታዲያ ዝናቡ ሲጀምር ዘሃራ እየሮጠች መጣች። ሁለታችንም ሳሎን ተቀምጠን፣ አንገታችንን ቀና አድርገን ጣሪያ ስናይ... የሆነ ሰው ቢያየን አብደዋል ይለን ነበር።

«ምንም የለም» አልኳት።

«ቆይ እስቲ፣ ያባራ።»

አባራ። እልልታዬ እስከ ሰንጋ ተራ ሳይሰማ አልቀረም!

ለድግሱ ቀን ለዘሃራ ብቻ በለየሁት ድስት የሚበስለውን ሳይቀር ከወዲሁ አስቤ ጨርሻለሁ። እንግዲህ የማኅበሩ አባል ሆናችሁም አልሆናችሁም፣ ይዝነብም አይዝነብም... ከለቅሶ በቀር ሌላ ምክንያት አልቀበልም፤ ሐምሌ 21 ማርያም ሁላችሁም ቤቴ ናችሁ!