ዝም ተብሎ የሚቆረጥ ቅጠል

ቅጠሉን በሙቀጫ ስወቅጠው ያ መራራ ሽታ ቤተ ሙከራውን ይሞላዋል። እዚህ ወልድያ ፋርማኮሎጂ አስተምራለሁ። የምርምር ፍላጎቴን ስጠየቅ «ቁስል የሚያሽሩ ዕፅዋት፣ በሞለኪውል ደረጃ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ቅጠል በጣሿ» እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ይበሉ። እኔ ግን ሽታው በመጣ ቁጥር አያቴ መንደር ግራና ነኝ፣ ከእሳቸው ኋላ ኋላ።

አያቴ የቁስል መድኃኒት ያውቁ ነበር። ለማንም ያላሳዩትን ቅጠል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ክረምት ለእኔ ሊያሳዩኝ ቃል ገቡ። ጉልበታቸው እየከዳቸው ስለነበር፣ ያን ክረምት ካልተማርኩት አብሯቸው እንደሚቀበር ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነበር፤ ቅጠሉን በማለዳ የቆረጠ ሰው ቤቱ እስኪገባ ትንፍሽ አይልም። ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል።

ሞኝነታችን የገበያ ቀን መምረጣችን ነበር። አያቴ ጤዛው ሳይረግፍ ቅጠሉን ቆርጠው ቁልቁል ስንወርድ፣ ጤፍ የጫነ አህያ የሚነዳ ጎረቤት ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ።

«አሰላሙ አለይኩም!»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። አያቴ ግን «ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ!» ብለው የልጆቹን፣ የከብቱን ደኅንነት ሁሉ ጠየቁ። ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን አዩት፣ ጣሉት፣ ዳገቱን እያቃሰቱ ተመለሱ። ዳግመኛ ስንወርድ ደግሞ ቅቤ የያዙ ሴቶች ገጠሙን። ገበያተኛው መች ያልቃል! ረፋዱ ላይ ባዶ እጃችንን ነበርን፤ እንባዬ መጣ።

«አባባ፣ ዝም ቢሏቸውስ?»

ምርኩዛቸውን ተደግፈው በፍቅር አዩኝ። «ሰላም ያለሽን ሰው ዝም ብለሽ ካለፍሽ፣ ማንን ልታክሚ ነው ልጄ?»

በማግስቱ፣ መንገዱ ጭር እንዳለ፣ ይዘነው ገባን። ሲያስረክቡኝ መዳፋቸው ሁሉ ያን ቅጠል ይሸት ነበር።

ዝምታው ለመድኃኒቱ ይጥቀም አይጥቀም፣ ፈትሼው አላውቅም። ግን ለሙከራ ግራና ሄጄ ስቆርጥ ዛሬም አፌን ዘግቼ ነው የምወርደው። ሰሞኑንም እንደዚያው ስወርድ፣ መንገዱ በአያቴ መቃብር በኩል ስለሚያልፍ፣ ቀጥ ብዬ ላልፍ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።»

ናፍቀውኝ ነበር፣ በጣም። ቅጠሉን ራስጌያቸው አስቀመጥኩና ሌላ ልቆርጥ ዳገቱን ተመለስኩ።