ያልተለካው ሜሞሪ ካርድ

ይህ የገጠመኝ ጥር ወር ላይ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ደንበኛ ሁሉ «ፎር ኬ ነው የምትቀርፀው?» እያለ ስለ ምስል ጥራት መጠየቅ የጀመረበት ዓመት ነበር። እስከ ዛሬ አልረሳውም። የአንድ ሰው ድምፅ በእኔ እጅ ጠፍቶ ነበርና።

ሥራዬ ሠርግ መቅረፅ ነው። ያኔ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ደህና የሲኒማ ካሜራ ከገዛሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ሜሞሪ ይበላል፣ ያውም እንደ ጉድ።

አይከል አጠገብ አንድ ሠርግ ያዝሁ። ሙሽራዋ ስመኝ ትባላለች። ልትዋዋለኝ ስትመጣ ስለ መኪናው አጀብም ስለ ጭፈራውም አልጠየቀችኝም። አባቷ አያ ታረቀኝ ጉሮሯቸውን ታመዋል። ከሠርጉ በኋላ ጎንደር ገብተው ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ነው። ሐኪሙ ነፍሳቸው ትተርፋለች፣ ድምፃቸው ግን ተመልሶ አይመጣም ብሏል።

«ጉልበቱን ስንስም የሚመርቀንን ብቻ እንዳያመልጥህ። ሌላው ቢቀርም ግድ የለኝም» አለችኝ። እኔም ምንም አታስቢ አልኋት።

ከሠርጉ አንድ ቀን ቀደም ብዬ አራዳ ገበያ ወደ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄድሁ። አባታቸው እዚያችው ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ እሳቸው ሞባይልና ሜሞሪ ይሸጣሉ። ሐጂ ካርድ ሳይፈትሹ ለሰው አይሰጡም። ላፕቶፕ ኮምፒውተራቸው ላይ ይሰኩና እስከ አፉ ይሞሉታል፤ ከዚያ የሞሉትን በሙሉ መልሰው ያስነብቡታል። ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ና አሉኝ። መጠኑ እኮ ላዩ ላይ ተጽፏል ብዬ ተከራከርሁ።

«አባቴ ጨርቅ የሚሸጠው በክንዱ ለክቶ ነበር» አሉኝ። «ጣቃው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ሲሸጥ አላየሁትም።»

ሽማግሌው ሊያስረፍዱኝ ነው ብዬ እየተነጫነጭሁ ወጣሁና ሁለት ሱቅ አልፌ ገዛሁ። እዚያ ፍተሻ ብሎ ነገር የለም፤ ጭራሽ ትንሽ የካርድ ቦርሳ ጨመሩልኝ። እኔ ራሴ ግማሽ ደቂቃ ቀርጬ አየሁት። ምንም አይልም።

ሠርጉ አማረ። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው ጉልበት ሲስሙ አያ ታረቀኝ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው መረቁ፣ ዳሱ ሙሉ ሰው አሜን አለ፣ እኔም አለቀስሁ። እያለቀስሁም ካሜራዬን አላነቃነቅሁም። በዚህ ኮርቼ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ክፍሌ ቁጭ ብዬ ፋይሎቹን ከፈትሁ። ስማቸው አለ፣ መጠናቸው አለ፣ ውስጣቸው ባዶ ነው። 128 ጊጋ የተባለው ካርድ የሚይዘው ስምንት ብቻ ነበር። ስምንቱ እስኪሞላ በደንብ ተቀበለኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀበል መስሎ ዋለ። የተረፈኝ የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ነው። ሚዜዎቹ መኪናው ላይ ሪባን ያስራሉ፤ አንደኛው መቀስ ጠፍቶበት ይፈልጋል። በጣም ጥርት ብሎ ይታያል።

ስልኬን አጥፍቼ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ልሂድ ብዬም አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። እንደምንም ብዬ ለስመኝ ደወልሁና ነገርኋት። ለካ አባቷን አስተኝታ ጎንደር ሆስፒታል ናት።

«ነገ ጠዋት ነው ቀዶ ጥገና የሚገባው» አለች። «ጠያቂ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ና፣ አንተው ንገረው።»

ደግሜ ልቀርፃቸው አስቤ ካሜራዬን አንግቼ ካርድ ፍለጋ ወደ ሐጂ ሰይድ ሮጥሁ። ብዬህ ነበር አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። የሆነውን ሁሉ ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ካርድ አወጡና ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት። ዛሬን እንኳ ሳይፈትሹ ይስጡኝ ብዬ ለመንሁ። «መፈተሽማ ዛሬ ነው» አሉና ወንበር ሰጡኝ። ካርዱ መያዙ ብቻ አይበቃም፣ ካሜራው የሚያፈሰውን ያህል ፈጥኖ መቀበል አለበት፣ አለዚያ መሃል ላይ ያቆማል እያሉ ረጋ ብለው ያስረዱኛል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከጠበቅን በኋላ ካርዱ ፍተሻውን ወደቀ። ነቅለው በፍተሻ የወደቁት ካርዶች ያሉበት የወተት ጣሳ ውስጥ ጣሉትና ሌላ ሰኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መቀመጥ አቃተኝ። ሐጂ አዩኝና ሱቃቸውን ዘጉ። ኮምፒውተሩን ከነካርዱ ጭናቸው ላይ አድርገው ከእኔ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ሹፌሩን ቀስ ብለህ ንዳ ይሉታል፣ እኔ ፈጠን በል እለዋለሁ፣ እሱ ማንን እንደሚሰማ ግራ ገብቶታል። ፍተሻው ያለቀው ሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሐጂ ካርዱን ነቅለው በእጄ አስቀመጡልኝና «አሁን ግባ» አሉኝ።

አያ ታረቀኝ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እንደ ጥፋተኛ ቆሜ ነገርኋቸው፤ ይቅርታ ጠይቄም እንደ ገና እንዲመርቁ ለመንኋቸው።

«ምርቃቱስ ደርሷል» አሉ። «ደግሜ ብመርቅ እግዜርን አልሰማኸኝም ማለቴ ነው።»

ስመኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ካሜራውን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመርሁ።

«ይች ምን ያህል ትይዛለች?» አሉኝ ካርዱን እያዩ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል አልኋቸው።

«ታዲያ ምነው ትቆማለህ? ክፈታት።»

ከፈትሁ። ቡሬዋ ላም መጋቢት ላይ እንደምትወልድ ተናገሩ። ሞፈር የተዋሰውን ጎረቤት፣ የማሳውን ድንበር፣ የትኛው በሬ እንደሚዋጋ አንድ በአንድ ተናገሩ። በየመሃሉ ያርፋሉ፣ ውኃ ይጎነጫሉ፣ ይቀጥላሉ። ጠያቂ ውጡ ሊባል ጥቂት ሲቀር ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ትምህርት ቤት አትገቢም ያልሁሽ እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ እኔ ያስተማርሁሽ ይመስለዋል፤ እኔም ዝም ብዬ ተመሰገንሁ። እናትሽ ናት አልቅሳ ያስገባችሽ። ዳስ ውስጥ ሰው ፊት ይኸን አልናገረውም ነበር።»

ስመኝ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። ነርሷ ገባች።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ፤ ድምፃቸው ግን ሐኪሙ እንዳለው ቀረ። የተረፈው ያ ቀረፃ ብቻ ነው። እኔ ዛሬም ስለዚያ ሠርግ ሳስብ አፍራለሁ። ሰው ደግ አደረግህ ሲለኝ ደግሞ ይብስብኛል፤ ያደረግሁት ጥፋት ነውና።

ስመኝ እንደነገረችኝ አባቷ እሑድ እሑድ ቀረፃውን ክፈችልኝ ብለው በእጃቸው ይጠይቋታል። ስለ ላሟና ስለ ድንበሩ ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስለ ትምህርት ቤቱ የተናገሩት ላይ ሲደርስ ግን እጃቸውን አንስተው ያስቆሟታል፤ ሚስታቸውን ከጓዳ ያስጠሩና አጠገባቸው አስቀምጠው ያንኑ እንደ ገና ያሰሙዋቸዋል።