ድርቅ የሚያስችል ጭማቂ

የሰብል ባለሙያ ነኝ። እሪ በከንቱ የሚኖሩት አክስቴ እትዬ ዘነበች፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር የጓሮ ጎመናቸው እየጠወለገ ቢያስቸግራቸው የሽፈራው (የሞሪንጋ) ቅጠል ጨምቄ፣ በውሃ አቅጥኜ፣ መርጫ ውስጥ ሞልቼ ሰጠኋቸው። «ቅጠሉ ላይ ይርጩት፤ ድርቅ ያስችለዋል» አልኳቸው።

በሳምንቱ ስመለስ ቦኖው ጋ ሰው ባዶ ጄሪካን ይዞ ተሰልፏል። እትዬ ዘነበች መርጫዬን ይዘው፣ እንደ አጥማቂ የሰልፈኛውን አናት በየተራ ይረጫሉ።

«ኧረ እትዬ! ለጎመኑ እኮ ነው የሰጠሁዎት!»

«ጎመኑ መቼ ወረፋ ጠብቆ ያውቃል? ድርቁን የቻልነው እኛ!»

ለሰው እንደማይሠራ ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «ወይ ተሰለፍ፣ ወይ ዞር በል!» ብለው ጮኹብኝ።

ኮፍያዬን አውልቄ ተሰለፍኩ። ምን ላድርግ፣ እኛም ቤት ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ ነው።