ከነጠላው ሥር

ሰፈራችን ካለው ጋራዥ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር «ችስስ» ይላል። ከዚያ ያ ሽታ ይመጣል፤ እርጥብ ፍም፣ የብረት ጭስ፣ ላብ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ቆሜ እስበዋለሁ። የአባቴ ሽታ ነዋ!

አባቴ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ በእኛ አገር ቀጥቃጭ ማለት ቡዳ ማለት ነበር፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። ማረሻውን ይገዙታል፣ ልጆቻቸውን ግን ይደብቁበታል። ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ሲልከኝ የመከረኝ አንድ ነገር ነው። «የማን ልጅ ነሽ ካሉሽ፣ የገበሬ በያቸው።»

ቤቷ ያሳረፈችኝ ሴትዮ እንዳየችኝ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል። መልሱ ከተገኘ ግን ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተሰድሮ የተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይወጣል፤ ከእነማን ጋር እንደምትበዪ፣ ማን እንደሚያገባሽ፣ ከማን ልጅ መራቅ እንዳለብሽ። ቀሪውን አንቺን አይጠይቁሽም። «የገበሬ» አልኳት። ፀጉሬን ዳበሰችና «ልጄ» አለችኝ።

ወደድኳት። መከራዬም ከዚያ ጀመረ። ጉንጩ ሙልት ያለ ትንሽ ልጅ ነበራት። እሱ ሲበላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ሲያስለው እኔን ያልበኛል። ምን ልበልሽ፣ እኔም እኮ እዚያው አገር ነው ያደግሁት፤ እውነት ቢሆንስ እል ነበር። የገዛ ዓይኔን የት ላድርገው?

አንድ የበጋ ረፋድ አባቴ ስንቅ ተሸክሞ መጣ። ጋቢውን እስከ ጣቶቹ ጫፍ ስቦ ደጃፉ ላይ ቆመ። «አባዬ» ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አባቷ ልከውኝ ነው፣ እመቤቴ» አላት። «ደህና ናቸው። ናፍቃቸዋለች።»

ራሱን አንቱ ሲል ሰማሁት። ብናገር ትምህርቴም፣ ማደሪያዬም፣ «ልጄ» የምትለኝ ሴትም ሊቀሩብኝ ነው። የከፈትኩትን አፍ ገጠምኩት። ከረጢቱን ሲያቀብላት ጋቢው ሸተት አለና የእሳት ፍንጣሪ የጠባበሰው ክንዱ ታየ። ሴትዮዋ ምንም አልጠየቀችም፤ ክንዱ በቃት። «በስመ አብ!» ብላ ልጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው። ቀጥላ እኔን ጎተተችኝ።

«ነይ ልጄ፣ ተከለይ! ዓይኑ እንዳያገኝሽ!»

ከአባቴ ዓይን ልታድነኝ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችኝ። ከልቧ ትወደኝ ነበር፤ መውጫ ያሳጣኝም ያው ፍቅሯ ነው። በስሱ ነጠላ ውስጥ አባቴን አየሁት። እሱም መሸፈኔን አየ። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ሄደ።

ለክረምት አባቴ ቤት ስገባ ደስ ብሎት ሳመኝ፤ ስለ ትምህርቴም ጠየቀኝ። የሚያናግረኝ ግን ፍሙን እያየ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ እንደዚያው ነበር። ዛሬም ጋራዡ አጠገብ ስቆም አፌ ላይ የሚመጣው ያን ጊዜ ያላልኩት ነው፦ «አባዬ፣ ቀና በልና እየኝ።»