በሩ ላይ የሚያልቀው መጽሐፍ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ለማየት ቀና ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው። ጡረታ የወጡት የሥነ ዜጋ መምህር ልብስ በሚተኮስበት ጠረጴዛ ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ቆመዋል። ከደቡብ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምረው ወጣት፣ የሰጠው ሱሪ እስኪያጥርለት ድረስ ከጨርቅ ጥቅሎቹ አጠገብ ቆሟል። የልጅቷ እናት በሩ ላይ ናት፤ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ። እኔ ደንበኛ ልብስ በሚለካበት መስታወት ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ።

ልጅቷ የምለው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችውን ነው። አሥር ወጣቶችን አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ አስገብተው፣ ስልካቸውን ተቀብለው፣ ውሏቸውን በካሜራ የሚያሳዩበት ውድድር ነው። በየሳምንቱ ተመልካች በስልክ መልእክት ድምፅ ይሰጣል፤ ትንሽ ድምፅ ያገኘ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ከከተማችን ከደብረ ታቦር እዚያ የገባ ሌላ ሰው አላውቅም። እናቷ ቤቷ ቴሌቪዥን አላት፤ ግን ብቻዋን ማየት ስላልሆነላት ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ትመጣለች፤ መጥታም አትቀመጥም። እኔ የምመጣው ለማየት ጉጉት ስላለኝ ነው። ሰው እየታየ መሆኑን እያወቀ እንዴት እንደሚያኮርፍ፣ እንዴት እንደሚጎርስ፣ ከተጣላው ሰው ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ማየት ይገርመኛል። በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ሠርግ ቤት መጠበቅ ነበረብን።

በዚያ ሳምንት ለተወዳዳሪዎቹ የተሰጣቸው ሥራ የሚወዱትን መጽሐፍ ማስተዋወቅ ነበር። ልጅቷ አንድ የቆየ ልብ ወለድ መረጠች። ስሙን አላነሳም። ታሪኩ መሬቷን ስለተቀማች የገጠር ሴት ነው፤ አቤቱታዋን ይዛ በእግሯ ከተማ ትደርስና የአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ትቆማለች።

«የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ነገር አለማለቁ ነው» አለች ልጅቷ፣ ካሜራውን ሳይሆን እጆቿን እያየች። «ሴትዮዋ በሩ ፊት ቆማ ሳለ ደራሲው ዝም ይላል። የሌሎቹ ደራሲዎች መጽሐፍ መጨረሻ ላይ በዳይ ይቀጣል፣ ተበዳይ ይካሳል። እሱ ግን አልዋሸንም። ስለ ፖለቲካም የማስበው እንደዚሁ ነው። በሩ ሊከፈት ነው የሚላችሁን አትመኑ። ይልቅ ሴትዮዋን እዩዋት፤ ቆማለች፤ ወንበር አምጡላት።»

ንግግሩ እኔን ደስ አሰኘኝ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ፣ ሥነ ጽሑፍ ያጠናሁ ነኝ የሚል ረጅም ልጅ፣ እጁን አነሣ።

«በሩ እኮ ይከፈታል» አለ። «ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ። አላነበብሽውም።»

«ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያው ሦስት ጊዜ አላነበብሽውም።»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። ይህ የሆነው ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግመው አሳዩት። ድምፅ መስጫው የሚዘጋው የዚያኑ ዕለት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነበር።

«እኔ ድምፄን ልኬያለሁ» አለ ልብስ ሰፊው። «ጎረቤት ናት ብዬ ነው እንጂ ነገሩስ አልገባኝም። በሩ ይከፈታል የሚላችሁ ድምፃችሁን ፈልጎ ነው ማለቷ አይደል? እሷ ራሷ እዚያ የገባችው ምን ፈልጋ ነው?»

«አንተ የሸሚዝ ቁልፍህን ትከል» አሉት መምህሩ።

«እየተከልሁ ነው፣ ጋሼ። አፌ ግን ሥራ ፈቷል።»

መምህሩ ወደ እኛ ዞሩ። «ልጅቷ ያለችው እውነት ነው። እኔ ዜጋ መብቱን አውቆ ይጠይቃል እያልኩ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጠይቆ ከዚያ ምን እንደሚሆን ግን መማሪያ መጽሐፉ ላይ አልነበረም። ተማሪ ሲጠይቀኝ ደወል ተደውሏል እል ነበር። እሷ የተናገረችው እኔ በደወል ያመለጥሁትን ነው።»

«ሐሳቧን አልነቀፍሁም፣ ጋሼ» አለ ወጣቱ አስተማሪ። «ሐሳብ ከሆነ የራሷ ነው። ግን መጽሐፉን ምስክር አድርጋ ነው የጠራችው። ምስክሩ ደግሞ ያላለውን ነው ያስባለችው።»

«ምን ያላለውን? መጽሐፉን እኔም አንብቤዋለሁ። በሩ ላይ ነው የሚያልቀው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ይከፈታል።»

«የት ነው ያነበብኸው?»

«ሐዋሳ፣ ተማሪ ሆኜ።»

«እኔ እዚሁ ነው ያነበብሁት።»

ልብስ ሰፊው ቁልፍ መትከሉን አቆመ። «እንዲህ ከሆነማ ተገኘ። ሐዋሳ ሙቀት ስለሆነ በሩን ከፈቱት። እዚህ ከጉና ተራራ የሚወርደውን ንፋስ ፈርተው ዘጉት።»

ወጣቱ ሳቀ፤ መምህሩም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። የልጅቷ እናት ግን ከበሩ ላይ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«እናንተ ትስቃላችሁ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ትውጣ፤ መውጣቷ አይደለም የሚያሳስበኝ። ቤቷ ነው፣ ትምጣ። ግን ሳታነብ አነበብሁ ያለች ተብላ አትምጣብኝ። ዛሬ ጠዋት ገበያ ጌሾ ስገዛ ሻጯ የአንባቢዋ እናት አለችኝና ከጎረቤቷ ጋር ተሳሳቀች። ልጄ ብዙ ጉድለት አለባት። እልኸኛ ናት፣ እቃ አታነሣም፣ እንቅልፍ ትወዳለች። ውሸት ግን አላስተማርኋትም።»

ቴሌቪዥኑ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ይታይ ነበር።

ወጣቱ አስተማሪ ነገር በቀላሉ የሚተው ሰው አይደለም። ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። «ጋሼ፣ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ትዝ ይልዎታል?» አላቸው።

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነገሩት፤ ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አቤቱታዋን በቀኝ እጇ ይዛ፣ ወደ በሩ ቀና ስትል።

«እሱ ዐረፍተ ነገር አለ» አለ ወጣቱ። «ልክ እንዳሉት ነው። ግን ከእሱ ቀጥሎ ዘበኛው ቁልፍ ይዞ ይመጣል። እርስዎም ልጅቷም እዚያችው ቦታ ላይ እንዴት ቆማችሁ? ከዚያ በኋላ ምን አለ?»

«ምንም። ነጭ ወረቀት ነው። ከዚያ ሽፋኑ።»

ነጭ ወረቀቱን የለጠፍሁት እኔ ነኝ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስሁ በጸሐፊነት ገባሁ፤ በኋላ ማዋስ ያዝሁ፤ ከዚያ የሚጠግን ሰው ስላልነበረ መጽሐፍ መጠገንም የእኔ ሥራ ሆነ። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። ውሃው በግድግዳው ወርዶ የጥግ መደርደሪያውን አገኘው፤ ያየነው ከክረምቱ ዕረፍት ስንመለስ ነው። ያ ልብ ወለድ በጀርባው ተኝቶ ነበርና የመጨረሻዎቹ ገጾች እርስ በርስ ተጣብቀው ሻግተው ነበር። ሻጋታ ደግሞ ካልቆረጡት ወደ ፊት ይሄዳል።

ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ገጽ የጎደለው መጽሐፍ በመዝገብ ሰፍሮ ለንብረት ክፍል ይላካል፣ ይወገዳል። እኛ የነበረን ያ አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ሰው በተራ የሚወስደው መጽሐፍ ነበር። ስለዚህ የተጣበቁትን ገጾች በምላጭ አወጣኋቸው። ጥራዙን የሰፋሁበትን ክር የሰጠኝ የዚህ የልብስ ሰፊው አባት ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። መጨረሻው ላይ ነጭ ወረቀት በኮላ ለጠፍሁ። ጥሩ አድርጌ ሠርቼዋለሁ። መዝገቡ ላይ ጎደሎ ብዬ ብጽፍ ይወስዱታል፤ ሽፋኑ ውስጥ ብጽፍ ተቆጣጣሪው ያየዋል። ሁለቱም ላይ አልጻፍሁም። ለወሳጆቹ በቃሌ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር ያሰብሁት።

አልነገርኋቸውም። የመጀመሪያው ወሳጅ መጽሐፉን መልሶ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመና ስለ ሴትዮዋ ብዙ አወራኝ። በሩ አይከፈትም አለ። ሁለተኛዋ ነርስ ነበረች፤ ይከፈታል፣ ግን ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጣ ከሄደች በኋላ ነው አለች። መጽሐፍ ሲመልሱ ፈርመው የሚሄዱ ሰዎች፣ ያን መጽሐፍ ሲመልሱ ይቆማሉ። ምን እንደሚሉ ለመስማት ጓጓሁ፤ እያደርም ዝምታው ልማድ ሆነ። መጨረሻውን ገጾቹ ሳይበላሹ በፊት አንብቤዋለሁ። በከተማው ውስጥ ሁለቱንም መጨረሻ የማውቅ እኔ ብቻ እንደሆንሁ አውቅ ነበር።

ልጅቷ የመጣችው ጡረታዬ ሲቃረብ ነው፤ ገና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትለብስ ነበር። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ወሰደችው። በሦስተኛው ስትመልስ፣ «እማማ፣ ደራሲው ደክሞት ነው ያቆመው ወይስ ሆን ብሎ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ራስሽ አስቢበት» አልኋት።

አሰበችበት። ያሰበችውን ሐሙስ ዕለት አገር ሰማው።

ከበርጩማው ተነሣሁ። «ሦስት ጊዜ ወስዳዋለች» አልሁ። «የውሰት ካርዱን የሞላሁት እኔ ነኝ። አልዋሸችም። ገጾቹ የሉበትም፤ በክረምት ውሃ ተበላሽተው እኔ ነኝ በምላጭ ያወጣኋቸው። እርስዎም ያነበቡት ያንኑ ነው፣ መምህር።»

መምህሩ ክርናቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

«እንደ ሱሪ ጫፍ ትርፍ ናቸው ብለው ነው የቆረጧቸው?» አለ ልብስ ሰፊው። እንዲህ የሚቀልደው ሲጨንቀው ነው።

እናትዬዋ ብቻ ነበረች በቀጥታ ያየችኝ። «እትዬ፣ ልጄ እንደጎደለ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። ጠይቃኝ ነበር፤ አልነገርኋትም።»

«ለምን?»

«ምን እንደምታስብ ለማወቅ» አልኋት። ከዚያ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ነበር፤ መልሶ ወደ ኪሱ ሳይከተው ያዘው። «እማማ፣ እኔ አምኛለሁ። አሁኑኑ የውድድሩ ገጽ ላይ ልጽፈው እችላለሁ። ግን የአገሯ ሰዎች ተከራከሩላት ነው የሚሉት። ሰው የሚያየው ነገር ቢኖር ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ዛሬ ዝግ ነው።»

«ገጾቹ አሉ» አልሁ።

«የት?»

«ቤቴ፣ ሣጥን ውስጥ። በጋዜጣ ጠቅልያቸዋለሁ። ተጣብቀዋል፤ የመጨረሻው ገጽ ግን ይነበባል። የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተምም አለበት። መጽሐፍ ሲገባ የመጀመሪያው፣ የመሐሉና የመጨረሻው ገጽ ላይ እንመታ ነበር።»

«ማኅተም ካለበት ይበቃል» አለ ወጣቱ። «ፎቶ አነሣዋለሁ። ግን እማማ፣ ማን እንዳወጣቸው ይጠይቃሉ። ስምዎ ይነሣል።»

«ይነሣ።»

ልብስ ሰፊው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። «አሥር ተኩል ነው። ባጃጅ ልጥራልዎት?»

«ቅርብ ነው። በእግሬ ሄጄ ይዣቸው እመጣለሁ።»

ነጠላዬን ሳስተካክል መምህሩ ተጠጉኝ። እንደ ተማሪ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የጠየቁኝ። «እትዬ፣ እንግዲያው በሩ ሲከፈት ምን ይሏታል?»

«ብዙ አይሏትም» አልኋቸው። «መጀመሪያ ወንበር ያመጡላታል።»

መምህሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለከቱ። ማስታወቂያው አልቆ ልጅቷ ተመልሳ መጥታ ነበር፤ ከሌሎቹ ራቅ ብላ ሳህን ታጥብ ነበር።

እናትዬዋ አሁንም በሩ ላይ ናት፤ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ። ስደርስ የውስጠኛውን እግሯን አወጣችና ወደ ጎን ቆመችልኝ። ወጣሁ።