ባትሪዬን የበላው ትልቁ ኢንቨርተር

ዛሬ ቆሰበር ከተማ ባለው ፀጉር ቤቴ ውስጥ የአንድ አዛውንት ግማሽ ራስ እንደላጨሁ ማሽኑ ቀጥ አለ።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ባትሪውም አለቀ።

«ልጄ፣ ሽምግልና እየሄድኩ ነው። እንዲህ ሆኜ ማን ልጁን ይድርልኛል?» አሉኝ።

በመቀስ ጨረስኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ፤ እጄ ግን ዝሏል።

ከሰዓት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራሁ። የባትሪውን ኃይል ለማሽኑ የሚቀይረውን ኢንቨርተሬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ማሽንህና አምፖልህ ተደምረው መቶ ዋት አይሞሉም። ይሄ የሦስት ሺህ ነው፤ ሥራ ባይኖረውም በርቶ ሲውል ራሱ ባትሪህን ይበላል። የሦስት መቶው ይበቃህ ነበር።»

እኔ ደግሞ ትልቅ ከገዛሁ እገላገላለሁ ብዬ ነበር። (ያልጠየቅሁት ሰው አልነበረም፤ ባለሙያ ብቻ ሲቀር።)

ደክሞኛል። ነገ ልቀይረው ዳንግላ እወርዳለሁ።

እናንተስ «ትልቅ ይሻላል» ብላችሁ ገዝታችሁ የተቸገራችሁበት ዕቃ አለ? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ልወቅ።