አባቴ ከገዛ ድምፁ ጋር የተጣላ ዕለት

የአባቴና የአጎቴ ድምፅ አንድ ነበር። ወፍራም፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ሲናደድ ደግሞ መጨረሻው ላይ ቀጠን የሚል። ይሄን የጀጎል ሰው ሁሉ ያውቃል። ከግቢ ውጭ «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲባል እናቴ ራሷ ወጥታ ካላየች የትኛው እንደመጣ አትለይም ነበር። የማያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አባቴማ «የሱ ድምፅ እኮ ጆሮ ይበሳል» ይል ነበር፣ በዚያው ጆሮ በሚበሳ ድምፅ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ ልዳር ጥቂት ቀን ቀርቶኛል፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ደግሞ ተኳርፈዋል። በምን? በአሸንዳ! ከአጎቴ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ የኛን ግድግዳ አራሰ፣ አለቀ። ለዚህ ብለው ሁለት ሽበታም ሰዎች አንድ አጥር ተጋርተው ሰላምታ ተነፋፈጉ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። አጎቴ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ ሰው ነው። ነደባ ላይ፣ ማለትም ትላልቆቹ በሚቀመጡበት በሳሎናችን ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ከአባቴ ጎን ካልተቀመጠ አልዳርም አልኩ። አባቴ «እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ» አለ። አልቅሼ አልቅሼ ዓይኔ አበጠ።

ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል የተከራየ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበረን። የሠርጌን ዘፈን እቀዳልሻለሁ ብሎ ከሆነ ቦታ ቴፕ ተውሶ መጣ፤ ሻንጣ የሚያህል፣ ሁለት ጥቅልል የሚሽከረከርበት። አባቴ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ልብስ ሰፊ ነው። አየት አደረገውና «ማጠንጠኛውስ ደህና ነው፣ መርፌው የታለ?» ብሎ አፌዘ። አስተማሪው መቅዳቱን ሊሞክር ከፈተው። አባቴ ግድ አልሰጠውም፤ ሸሚዝ እየዘመዘመ ስለ ወንድሙ የተለመደ ሮሮውን ቀጠለ። ሮሮው የዕለት ምግቡ ስለነበረ የትኛውን መቼ እንዳለው እንኳ አያስታውስም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባቴ ለዐስር ሶላት ሊታጠብ፣ ዉዱእ ሊያደርግ፣ ወደ ግቢ ሲወጣ፣ አስተማሪው የቀዳውን ሊያሰማን ቴፑን ከፈተ።

«ታምሜ ተኝቼ አንድ ቀን ብቅ አላለም!» አለ ቴፑ። «ይሄ ወንድም ነው? በር በሩን ሳይ ከረምኩ!»

ያ አላህ! አባቴ ግማሽ ፊቱን ብቻ ታጥቦ፣ ክንዱ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ዘሎ ገባ።

«ማን አስገባው? በገዛ ቤቴ ማን አስገባው?»

ከመጋረጃው ጀርባ አየ፣ ከሳጥኑ ኋላ አየ። እናቴ በሻሿ አፏን አፈነች። ቴፑ እቴ፣ መች ዝም ሊል! «ድንጋይ መሰልኩት? እኔም እኮ ሆድ ይብሰኛል!»

«አንተ ብሎ ደሞ ሆድ የሚብሰው!» ብሎ ጮኸበት አባቴ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠና ወደ እናቴ ዞረ። «ታሞ ነበር እንዴ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

አስተማሪው ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት እናቴ እግሩን ረገጠችው። አባቴ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያደርግ ወጣ። እኔም ሮጬ ጣሪያ ላይ ወጣሁና የአጎቴን በር ቁልቁል አየሁ።

«ታመህ ነበር አሉ» አለ አባቴ።

«እኔ?» አለ አጎቴ። «የታመምከው አንተ! መጥቼም ነበር። በርህ ጋ ስደርስ ድምፅህን ሰማሁት፣ ስትሰድበኝ። ተመለስኩ።»

አባቴ «ታዲያ አሁን ተሻለህ?» አለው። አጎቴም «አልታመምኩም እኮ!» አለ። ከጣሪያ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ፣ በሳቅም በልቅሶም። ግን ተያይዘው ነው ወደ ቤታችን የገቡት።

አስተማሪው ቴፑን ደገመው። አባቴ «ወላሂ የሱ ነው!» አለ። አጎቴ «ወላሂ ያንተ ነው!» አለ። የአጎቴንም ቀድቶ ሲያሰማ እሱ ራሱ «ይሄም ወንድሜ ነው!» ብሎ ድርቅ አለ። አስተማሪው ላብ እስኪያጠምቀው አስረዳቸው፤ የራሳችንን ድምፅ በአጥንታችን በኩል ከውስጥም ስለምንሰማው አንጎላችን ሌላ አድርጎ ነው የለመደው፤ የሌላውም የቴፑም ግን በአየር ብቻ ይመጣል አለ።

«እርስዎ ያለ መስታወት ፊትዎን ያዩታል?» አለው በመጨረሻ።

«ጀርባዬን ሰጥቼ የደንበኛዬን ሁሉ ድምፅ የሚለይ ጭንቅላት» አለ አባቴ፣ «የጌታውን ይረሳል? ሂድ ወዲያ!»

በሠርጌ ቀን ነደባው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ሆኜ አዳምጣለሁ። አባቴ ምርቃት ጀመረ። መሀል ላይ ድምፁ ተያዘ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ፣ ከዚያ እስከ አሚን ሳያቋርጥ ወረደ። በረታልኝ ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ። እናቴ በመጋረጃው አጮልቃ አየችና «የጨረሰው አጎትሽ ነው፤ አባትሽ እያለቀሰ ነው» አለችኝ።

በኋላ አባቴን «ምርቃቴን ማን ጨረሰው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እኔ ነኛ!» አለ ተቆጥቶ። «የገዛ ድምፄ ይጠፋኛል?»